ዴላዌር የሄደው ልጅ ሳይሆን የሸኘው ሕግ ይጠየቅ

አንድ የኢትዮጵያ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ከውጭ ገንዘብ አገኘ በተባለ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጩኸት ይሰማል። አንዱ ወገን «ጀግኖቻችን!» ብሎ ያጨበጭባል። ሌላው ኩባንያው የተመዘገበው አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት መሆኑን ሲሰማ «ሀገር ሸጡ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ሽያጭን ከሽልማት ጋር ያምታታል። ሁለተኛው በሩን የዘጋውን ትቶ በመስኮት የወጣውን ይከሳል።

ለመሆኑ ይህ የቬንቸር ካፒታል የሚባለው ገንዘብ ምንድነው?

በዘርፉ ስሙ የገነነውን ዋይ ኮምቢኔተርን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ ነው። ኤርቢኤንቢ፣ ድሮፕቦክስና ስትራይፕ ገና ዳዴ ሲሉ ነው የገባባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ባለው መደበኛ ውሉ፣ ለሚቀበለው ኩባንያ 125 ሺህ ዶላር ሰጥቶ 7 በመቶ ድርሻ ይወስዳል። ሌላ 375 ሺህ ዶላር ይጨምርና የዚያኛውን ድርሻ መጠን ኩባንያው ወደፊት ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር በሚገባው ውል ይወስናል።

ይህ ብድር አይደለም፤ ወለድ የለውም፣ ቤት አስይዙ አይልም። እርዳታም አይደለም። ባለቤትነት ግዢ ነው። የሥራው ስሌት ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ከተሰጣቸው ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይከስራሉ፣ አንድ ወይም ሁለቱ ግን የሌሎቹን ኪሳራ ሁሉ ይሸፍናሉ። ፈንዱም ዕድሜ አለው፤ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርሻውን ሸጦ ለገንዘቡ ባለቤቶች መመለስ አለበት። ስለዚህ ሁለት ነገር የግድ ይለዋል፤ በትንሽ በትንሹ ለብዙዎች መግቢያና ጊዜው ሲደርስ መውጫ።

አሁን ወደ ሀገር ቤት እንመለስ። በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 ለውጭ ባለሀብት የካፒታል ወለል አስቀመጠ። ብቻውን ከገባ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር፣ ከሀገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150 ሺህ ዶላር። እንደ ምህንድስና ማማከር ላሉ ጥቂት ዘርፎች ብቻ ወለሉ ዝቅ ይላል።

እስቲ ይቆጠር። አንድ ፈንድ አሥር የአዲስ አበባ ጀማሪ ኩባንያዎችን በ25 ሺህ፣ 25 ሺህ ዶላር ልሞክር ቢል የሚያስፈልገው 250 ሺህ ዶላር ነበር። በወለሉ ልክ ግን አንድ ነጥብ አምስት ሚሊዮን ዶላር ይጠየቃል። ሁለት ፕሮግራመርና አንድ ኪራይ ክፍል ያለው ኩባንያ 150 ሺህ ዶላር በአንዴ ቢወስድ ወይ የሚያደርግበት ያጣል፣ ወይ ገና በጠዋቱ ግማሽ ባለቤትነቱን ያስረክባል።

የወለሉ ተከራካሪዎች የሚሉት አላቸው፤ የውጭ ዜጋ በትንሽ ገንዘብ ገብቶ የሀገሬውን ሱቅና ምግብ ቤት እንዳይሻማ ነው። ለሱቅ ልክ ናቸው። ግን በአንድ ወጣት ኩባንያ ውስጥ 7 በመቶ የገዛ ባለሀብት ከዚያ ወጣት ጋር ይሻማል ወይስ አብሮት ይከስራል? ሱቅን ለመጠበቅ የተሠራ አጥር ቤተ ሙከራ ላይ ሲተከል ጥበቃ መሆኑ ይቀራል።

«ዳያስፖራው አለ» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ከፈለገ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። ፈንድ ግን የትውልድ ቀበሌ የለውም።

የሀገር ውስጡ ገንዘብስ? ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ለመጠቀም የሚያስችል አዋጅ ከወጣ ከ2011 ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወጣቱ ባንክ ሲሄድ የሚሰማው ግን ያው «የቤት ካርታ አለህ?» ነው። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተስፋ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበበት ግን ባንክ ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ኩባንያ ያ ደረጃ ገና ሰማይ ነው።

እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ? ዋይ ኮምቢኔተር ገንዘብ የሚያስገባው እንደ አሜሪካ፣ ሲንጋፖርና ካይማን ደሴቶች ባሉ ጥቂት ሀገራት ሕግ ለተቋቋመ ኩባንያ ነው። ስለዚህ ዴላዌር ላይ እናት ኩባንያ ያቋቁማል። የአዲስ አበባው ቢሮ ቅርንጫፍ ይሆናል። የሶፍትዌሩ ባለቤትነት ወደዚያ ይዞራል፣ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው በዚያ ሕግ ነው፣ ኩባንያው የተሸጠ ቀን የሽያጭ ውሉ የሚፈረመው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስትራይፕ የናይጄሪያውን ፔይስታክ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ እንደገዛ ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ቀን ለኢትዮጵያ ኩባንያ ሲመጣ፣ ሀገሪቱ በሽያጩ ውስጥ ያላት ቦታ ምን ይሆናል? ደመወዝ የሚከፈልበት ቢሮ ያለባት ከተማ ባለቤት፣ ከዚያ ያለፈ ምንም።

ስለዚህ ለስታርታፕ የሚወጣ ማንኛውም ሕግ በሦስት ጥያቄ ይመዘን። ትንሽ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ይገባል ወይ? የገባው ሲሸጥ በውጭ ምንዛሪ ይወጣል ወይ? የሀገር ውስጥ ባለሀብትስ ያለ ቤት ካርታ፣ ለድርሻ ብሎ ገንዘቡን የሚያኖርበት መንገድ አለው ወይ? ሦስቱን ካልመለሰ አዋጁ ለአዳራሽ ጌጥ ነው።

ሚዲያውም «ስንት ሚሊዮን ዶላር አገኙ?» ከማለቱ በፊት «ስንት በመቶ ሸጡ? የተመዘገቡትስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ዴላዌር ከሆነ ደግሞ ጣቱን ልጁ ላይ ከመቀሰሩ በፊት ወደ አራት ኪሎ ዞር ይበል።