የተግባር ዝርዝር መተግበሪያዎች በምን ይመዘኑ?

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ደወል የለውም። ኮርሱ አልቋል፤ የክፍል መርሐ ግብር የለም፤ የሚቀረው ሥራ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ይበዛል። አማካሪው በረቂቁ ላይ የሰጡት አስተያየት፣ ከጥናቱ አካባቢ ጽሕፈት ቤት የሚጠበቀው የፈቃድ ደብዳቤ፣ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ያለበት መጠይቅ፣ ያልተነበቡ መጣጥፎች እና የማስተማር ኃላፊነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጋፋሉ። ይህን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ መዞር ስለማይቻል አንዱ ተማሪ በቴሌግራም ለራሱ መልእክት ይጽፋል፤ ሌላው የተግባር ዝርዝር መተግበሪያ ይጭናል፤ ሦስተኛው ደግሞ በየወሩ አዲስ መተግበሪያ እየሞከረ የቀድሞውን ይተዋል።

መተግበሪያዎቹን የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። የአብዛኞቹ ስልት ግን አንድ ነው፤ ሠንጠረዥ ይዘረጋሉ፣ እያንዳንዱ መተግበሪያ የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች ይቆጥራሉ፣ ብዙ ምልክት የተደረገበትን ያስቀድማሉ። ይህ መመዘኛ ለሶፍትዌር ገበያ ይጠቅም ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በጊዜው ማስረከብ ላለበት ተማሪ ግን አይበጅም። ለእርሱ የሚበጁት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ መረጃን ይዞ መውጣት ይቻላልን? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራልን? ተማሪው ከሚኖርበት የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ጋር ይስማማልን? ዋናውን ሥራ ይገልጣል ወይስ ይሸፍናል?

ዝርዝር ለምን ይረዳል?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመሻገር በፊት ተግባርን መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም መለየት ያስፈልጋል። ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ካጠናቀቁት ሥራ ይልቅ በመሐል የተቋረጠባቸውን እንደሚያስታውሱ ዘግባ ነበር። ይህ ግኝት በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ሁልጊዜ አልተደገመም። ለተግባር ዝርዝር ይበልጥ የሚቀርበው ማሲካምፖ እና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ያልተፈጸመ ግብ ሰው በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ሐሳቡን እንደሚሻማ አሳይተዋል፤ ግቡ የሚፈጸምበትን ዝርዝር ዕቅድ ማውጣት ብቻውን፣ ግቡ ገና ሳይፈጸም፣ ይህን ጫና እንደሚያስወግድም አመልክተዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። አእምሮን የሚያሳርፈው ዝርዝሩ ሳይሆን ዕቅዱ ነው። «ሥነ ዘዴ» ብሎ መጻፍ ማስታወሻ እንጂ ዕቅድ አይደለም፤ «ማክሰኞ ጠዋት በቤተ መጻሕፍት የናሙና አመራረጡን ክፍል ሁለት ገጽ መጻፍ» ግን ዕቅድ ነው። ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ ቀጣዩ ተጨባጭ እርምጃ ምን እንደሆነ ለይቶ መጻፍን ያጠበቀው በዚሁ መንፈስ ነው። ይህን ደግሞ ማንኛውም መተግበሪያ፣ የኪስ ደብተርም ቢሆን፣ ይፈቅዳል። የመሣሪያዎቹን ልዩነት በሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

መተግበሪያዎቹን በአራት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቱዱኢስት፣ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ እና ጉግል ታስክስን የመሰሉ ቀላል ዝርዝሮች ናቸው፤ ብልጫቸው ሐሳብን በሰከንዶች ውስጥ መመዝገብ ማስቻላቸው ነው። ሁለተኛው እንደ ትሬሎ ያለው ሰሌዳ ሲሆን፣ ተግባራትን በካርድ እየጻፉ ከአምድ ወደ አምድ ማሻገርን ይፈቅዳል። ሦስተኛው እንደ ኖሽን ያለው፣ ማስታወሻንና ሠንጠረዥን አንድ ላይ የሚይዝ የመረጃ ቋት ነው። አራተኛው በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚሠራው ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ኦርግ ሞድ እና ጂና ትራፓኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀችው የቱዱ ቴክስት አጻጻፍ የዚህ ወገን ናቸው።

መግቢያው ሳይሆን መውጫው

ማንኛውም መተግበሪያ ተጠቃሚውን ሲቀበል እጁ ሰፊ ነው። ጥያቄው ሲለያዩ ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። የዋንደርሊስት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በበርሊን የተሠራው ይህ ተወዳጅ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይክሮሶፍት ተገዛ፤ በ2020 ግንቦት ወር ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ ዝርዝራቸውን ወደ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ እንዲያዛውሩ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚዘጋበትን ቀን የመረጠው ኩባንያው እንጂ ተጠቃሚው አልነበረም።

ሳይዘጋም ደንቡ ሊለወጥ ይችላል። የማስታወሻ መተግበሪያው ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የነጻ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻዎችና በአንድ ደብተር ወሰናቸው። ትሬሎ በ2024 ነጻ የሥራ ቦታዎቹን በ10 ተባባሪዎች ገደበ። ቱዱኢስትም በነጻ የሚፈቅደው 5 የግል ፕሮጀክቶችን ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ማድረጋቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ አገልግሎቱን የሚያቆመው ገቢ ነው። ደመወዙን ወይም የኪስ ገንዘቡን በብር የሚያገኝ ተማሪ ግን በዶላር የተተመነን ወርሃዊ ክፍያ አማራጭ አድርጎ ሊያስበው ይቸገራል። የሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት፣ የሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመሣሪያው ደንብ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀየራል ብሎ መነሣት ጥንቃቄ እንጂ ሥጋት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና የሚከናወነው በመጀመሪያው ቀን ነው፦ ጥቂት ተግባራትን መዝግቦ፣ ሁሉንም በተለመደ የፋይል ዓይነት አውርዶ፣ በሌላ ፕሮግራም መክፈት። ይህን የማያልፍ መሣሪያ የቀረውን ቢያሟላም ለመመረቂያ ሥራ አይታመንም።

ኢንተርኔት በማይኖርበት ቀን

የኢትዮጵያ ተመራማሪ ኢንተርኔትን እንደማይቋረጥ ምንጭ አድርጎ ማቀድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሔራዊ ፈተና ምክንያት አገልግሎቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ነበር፤ በ2020 ኅዳር ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ የተቋረጠው ግንኙነትም ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። እንዲህ ያለው ክሥተት ባይኖር እንኳ በመስክ ሥራ ላይ ያለ ተማሪ ከዋናው መንገድ ጥቂት ሰዓት ሲርቅ ኔትወርኩን ያጣዋል።

በዚህ መመዘኛ መሣሪያዎቹ በእጅጉ ይለያያሉ። ቱዱኢስትም ሆነ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ የዝርዝሩን ቅጂ በስልኩ ላይ ይይዛሉ፤ መስመር ሲገኝ ያስተካክላሉ። ኖሽን ግን ያለ ኢንተርኔት የመሥራት አማራጭን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከዚያ በፊት ጥናቱን በሙሉ በኖሽን ያደራጀ ሰው መስመር በጠፋበት ቦታ በገጾቹ ለመጠቀም ዋስትና አልነበረውም። የጽሑፍ ፋይሉ በዚህ ረገድ ችግር የለበትም፤ ፋይሉ ባለበት ሥራው አለ። በአገልግሎት ብዛት አንደኛ የወጣው መሣሪያ በመስክ ላይ መጨረሻ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ነው።

የማን ቀን፣ የማን ሰዓት?

ሦስተኛው ጥያቄ በንጽጽር ሠንጠረዦች ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም። የታወቁት መተግበሪያዎች ዓመትን በ12 ወር፣ ቀንን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። የኢትዮጵያ ተማሪ ግን 13 ወር ባለው ዓመትና ከንጋት በሚነሣ ሰዓት ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይሠራል። ለቃለ መጠይቅ «3 ሰዓት» የተቀጠረ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ቢመዘግበው ስልኩ የሚጠራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ይህ ስሕተት አንድ ጊዜ ካጋጠመ በኋላ ይታረማል። ተደጋጋሚ ቀጠሮ ግን ከዚህ ይከፋል። በየወሩ በ12 የሚሰበሰብ የጽዋ ማኅበርን የሚያጠና ተማሪ መስከረም 12ን እንደ ሴፕቴምበር 22 መዝግቦ «በየወሩ ይደገም» ቢል፣ ጥቅምት ላይ በትክክል 12ን ያገኛል፤ ኅዳር ላይ ግን 13፣ ጥር ላይ 14፣ የካቲት ላይ 15 ይሆንበታል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ «በየ30 ቀኑ ይደገም» ቢል እስከ ነሐሴ 12 ድረስ አንድም ቀን አይዛነፍም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጳጉሜን በመሐል ይገባና ቀጣዩ ጥሪ መስከረም 12 መሆኑ ቀርቶ መስከረም 7፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 6 ይውላል። ተማሪው ማኅበሩ ወደማይሰበሰብበት ቀን ይጓዛል፤ ወይም መተግበሪያውን ማመን ያቆማል። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው፤ ያልታመነ ዝርዝር አይከፈትምና።

መፍትሔው መተግበሪያን መጥላት አይደለም። በእነዚህ መሣሪያዎች የጥናት አካባቢውን ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ማስደገም ትቶ የዓመቱን ቀናት አንድ በአንድ ቀይሮ መመዝገብ ይቻላል፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ግን ጉዳዩ ከዚህ በላይ ነው። ጳጉሜንን የሚያውቅ የድግግሞሽ ደንብ ለክፍት የዝርዝር አጻጻፎች ማዘጋጀት ለአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃና ነገ ጥቅም ላይ የሚውል ችግር ነው።

የሚታየውና የሚሸሸገው ሥራ

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ቢዩለር፣ ግሪፊን እና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ የነበሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። አማካይ ግምታቸው 33.9 ቀን ሲሆን በእውነት የወሰደባቸው 55.5 ቀን ነበር፤ በገመቱት ጊዜ የጨረሱት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው የሰጡት አማካይ ግምት እንኳ 48.6 ቀን ነበር፤ እውነታው ያንንም አለፈው።

ከዚህ ግኝት አንጻር ሲታዩ የተለመዱት መተግበሪያዎች አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ቀነ ገደብን ይመዘግባሉ፤ የቀነ ገደብን መሸራረፍ ግን በግልጽ አያሳዩም። ያልተሠራውን ሥራ ወደ ነገ መግፋት በአንድ ንክኪ ይፈጸማል፤ ዝርዝሩም ወዲያው ንጹሕ ይመስላል። «ምዕራፍ ሁለትን መጻፍ» የሚለው ተግባር ስምንት ጊዜ ተገፍቶ ዛሬ እንደ አዲስ ይቀርባል። ቱዱኢስት ለተጠናቀቁ ተግባራት ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ግን ለኢሜይል መልስ መስጠትንና አንድን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ማሰብን በክብደታቸው ለይቶ ሊያውቃቸው አይችልም። በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ምልክት ሲያደርግ የዋለ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ አንድ መስመር ሳይጨምር በእርካታ ሊተኛ ይችላል።

ይህን የሚያርም ልማድ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዐቢይ ተግባር በመጀመሪያ የተገመተውን ቀን ሳይሰርዙ ማቆየት፣ ከጎኑ በእውነት የተጠናቀቀበትን ቀን መጻፍ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለቱን ማስተያየት። ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው የራሱን የስሕተት ልክ ያውቃል፤ ከአማካሪው ጋር ቀን ሲቆርጥም በምኞት ሳይሆን በማስረጃ ይቆርጣል። ይህን በጽሑፍ ፋይል ወይም በደብተር ማድረግ ከብዙ መተግበሪያዎች ይልቅ ይቀልላል፤ ፋይሉና ደብተሩ የተጻፈን ነገር በራሳቸው አያጠፉምና።

ተቃውሞውና ልኩ

ከዚህ በተቃራኒ የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። የጽሑፍ ፋይል በራሱ አይጠራም፤ ደብተር ይጠፋል፤ አምስት ሰው በአንድ ቤተ ሙከራ ናሙና ሲከፋፈል ትሬሎን የመሰለ ሰሌዳ የሚሰጠውን የጋራ እይታ ብቻውን የተቀመጠ ፋይል አይሰጥም። ትኩረቱ ለሚበተንበት ሰውም ስልኩ መጥራቱ ቅንጦት አይደለም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ የሚያረጋግጡት ግን ቡድን የቡድን መሣሪያ፣ ቀጠሮም የቀጠሮ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ነው። አንድ መሣሪያ ሁሉን እንዲሸከም መጠበቅ ነው ተማሪውን ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ የሚያንከራትተው።

ስለዚህ የሚበጀው ክፍፍል ይህ ነው፦ ሰዓት ያለው ነገር ሁሉ በስልኩ የቀን መቁጠሪያ፤ የጋራ ሥራ ቡድኑ በተስማማበት ሰሌዳ፤ የጥናቱ የራሱ ዝርዝር ደግሞ ተማሪው በባለቤትነት በያዘው ተራ ፋይል ወይም ደብተር። ምርጫው በሁለት ሳምንት ሙከራ ይወሰን፤ ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉ እስኪቀርብ አይቀየር። አዲስ መሣሪያ ማደራጀት ሥራ ይመስላል፤ ድካም አለው፣ ውጤቱም ይታያል፣ ያምራልም። ገምጋሚዎቹ ፊት ግን የሚቀርበው ምዕራፉ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሚሰጡት ገለጻ ስለ ምርምር ሥነ ምግባርና ስለ ዋቢ አጻጻፍ እንደሚያስተምሩት ሁሉ፣ የራስን የጊዜ ግምት እየመዘገቡ ስለማረም አንድ ሰዓት ቢመድቡ ከማንኛውም የመተግበሪያ ንጽጽር የበለጠ ይጠቅማሉ።