የቤተሰብ ጤና፦ ሕመሙ ጠፋ ማለት ጉልበቱ ጸና ማለት አይደለም

በዚህ ወር የምንናገርለት ጉዳይ ኳስ የሚጫወት ወጣት ያለበትን ቤት ሁሉ የሚመለከት ነው። ይኸውም የጉልበት ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ከተተካ በኋላ እግር ወደ ቀድሞ ኀይሉ የሚመለስበት መንገድ ነው። ቀዶ ጥገናው የሐኪሙ ሥራ ሲሆን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ወራት ሥራ ግን የሕመምተኛውና የቤተሰቡ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከተጓደለ የፊተኛው ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል።

በጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር የሚያያይዙ ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተላልፈው ይገኛሉ። ከሁለቱ የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። ተጫዋች በሩጫ ላይ ሳለ ድንገት ሲዞር ወይም ዘሎ ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እርሱ ነው። ሐኪሞችም አብዛኛውን ጊዜ ከሕመምተኛው ከራሱ አካል፥ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ከጭኑ በስተኋላ፥ ጅማት ወስደው በተበጠሰው ምትክ ይተክላሉ።

የተተከለ ጅማት ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ እንደ ተዛወረ ችግኝ ነው። ችግኝ ሥር እስኪሰድ ድረስ ጠውልጎ እንደሚሰነብት፥ ጅማቱም አዲስ የደም ሥር እስኪያገኝ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየደከመ ይሄዳል እንጂ አይጠነክርም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ እብጠቱ ይጎድላል፥ ሕመሙም ይጠፋል፤ ልጁ ያለ ምርኩዝ ሲራመድ «ድኛለሁ» ይላል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ጅማቱ ግን እጅግ ደካማ የሚሆነው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ የሕመም መጥፋት የመዳን ምስክር አይደለም።

ከጅማቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ጡንቻ ነው። ጉልበት አብጦ ውኃ ሲቋጥር፥ ነርቮች የጭንን የፊት ጡንቻ እንደ ልቡ እንዳይሠራ ይገቱታል፤ ጡንቻውም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይከሳል። ሕመምተኛው እግሩን ማዘዝ ቢያቅተው ከስንፍና የመጣ አይደለምና አትቆጡት። ከፍቅር የተነሣ በየቤቱ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ግን ይጎዱታል። አንደኛው ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ ነው፤ ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ደርቆ ሊቀር ስለሚችል ትራሱ ከተረከዙ በታች ይሁን። ሁለተኛው «አንተ አትነሣ፤ ሁሉን እኛ እናመጣልሃለን» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ጡንቻውን ያከሳዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈለገው ጉልበትን ፈጽሞ መዘርጋት፥ የጭንን ጡንቻ አጥብቆ 5 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፥ ቁርጭምጭሚትን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል ማኖር እብጠትንና ሕመምን ያስታግሣል። ቀጥሎ የተዘረጋ እግርን ማንሣት፥ ከዚያም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትእዛዝ ባለበት የሚቆም ብስክሌት መንዳት፥ በጥቂቱ ቁጢጥ ማለት፥ በመጨረሻም ሸክም እየጨመሩ መሥራት ይከተላል። ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የታከመው ይቅደም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንዲሄድ ተረቱ የነገረን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. 106 ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ጨዋታ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት ዳግመኛ የመጎዳትን አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የኀይልና የዝላይ ፈተናውን ሳያልፉ ከተመለሱት ከ100ው 38 ያህሉ ዳግመኛ ሲጎዱ፥ ካለፉት ግን 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ወጣቶቻችን የሚያውቁት የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከኤቨርተን ጋር ሲጫወቱ ይህ ጅማት ተጎዳበት። በግንቦት ወር፥ የአውሮፓ ዋንጫ ሊጀመር ሲቃረብ፥ ለሀገሩ ለሆላንድ እንደማይሰለፍና ማገገሙን እንደሚያስቀድም አስታወቀ፤ ወደ ሊግ ጨዋታም የተመለሰው በነሐሴ ነው። ብዙ ሐኪም ያለው ሰው 10 ወር ከታገሠ፥ የሰፈር ኳስ ተጫዋች በ4ኛው ወር ምን ያስቸኩለዋል?

ለቤቱ እመቤትም አንድ ቃል አለን። ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም፤ በጾም ወራት ምስር፥ ሽንብራ፥ ባቄላና ሽሮ ከሕመምተኛው ማዕድ አይጉደሉ። መንበርከክና መስገድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆዩ፤ ስለዚህም ስለ ጾሙም ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል። ባቱ ቢያብጥና ቢያመው፥ ትኩሳት ቢነሣ፥ ከቁስሉ መግል ቢወጣ፥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እንግዲህ ልጃችሁ «መቼ እጫወታለሁ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ወሩን ብቻ አትቁጠሩለት። የታከመው እግር ኀይል በባለሙያ ተመዝኖ ከደኅናው ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱን ጠይቁት። እስከዚያ ድረስ ጫማው በመደርደሪያው ላይ ይቆየው፤ ልምምዱ ግን አንድም ቀን አይታለፍ።