ለፈዋሹ፦ ከመርጡለ ማርያም የተላከ ምስጋና

ውድ ፈዋሽ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከእነብሴ ሳር ምድር ደጋ፣ ከመርጡለ ማርያም ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ክሌሪክ ተብለህ የምትታወቅ፣ ጥሩር ለብሰህ፣ ጋሻ አንግበህ ከተዋጊው ጎን የምትቆም፣ ሌሎቹ ሲወድቁ የምታነሣ አንተ ነህ። ጨዋታው አልቆ ወሬ ሲጀመር ግን ዘንዶውን የገደለው ይወደሳል እንጂ ገዳዩን በእግሩ ያቆመው እምብዛም አይነሣም። እኔ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ልከፍልህ ወድጃለሁ።

ለማያውቅህ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። አራት አምስት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሙያ ያለው ሰው ሆነው ይጫወታሉ። አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ቁልፍ የሚከፍት ሌባ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ አንተን ይሆናል። እያንዳንዱ የሚያደርገውን ይናገራል፤ መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ ወይ አብረው ይወጣሉ፣ ወይ አብረው ይቀራሉ።

እኛ ስንጀምር ባለ 20 ፊት ዳይስ አልነበረንም። በነጻ የሚገኘውን መሠረታዊ ሕግ ከስልክ እያነበብን፣ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ ጨምረን ዕጣ እናወጣ ነበር። አንድ ቀን ተዋጊያችን ዋሻ ውስጥ ግዙፍ ሸረሪት ነክሳው ወደቀ። የሕይወት ነጥቡ ያለቀበት ተጫዋች ተራው በደረሰ ቁጥር ዕጣ ያወጣል፤ 10ና ከዚያ በላይ ሲወጣ ለሕይወት፣ ከዚያ በታች ሲወጣ ለሞት ይቆጠርበታል። ሦስት የሞት ዕጣ ከወጣበት አበቃለት። በእኛ ተዋጊ ላይ ሁለቱ ወጥተዋል፤ ባርኔጣውን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእሱ በፊት ተራው የደረሰው አንተን ለያዘችው ልጅ ነው። የፈውስ ቃል የሚባለውን ድግምት ከሩቅ ሆና ጠራችለት። የመለሰችለት አምስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከደረሰበት ጉዳት ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ዕጣ የሚያወጣው ለመሞት ወይም ለመትረፍ መሆኑ ቀርቶ እንደገና ተዋጊ ሆነ። ተነሣ፣ ጦሩን አነሣ፣ ሸረሪቷን ወጋ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ጭብጨባው ሁሉ ለእሱ ነበር። እሷ ወረቀቷ ላይ አንድ ድግምት ሰርዛ ቀጣዩን ተራ መጠበቅ ጀመረች።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለዚህ ነው። ጀግንነት የራስን ክንድ ማሳየት ብቻ እንዳልሆነ፣ ለሌላው የሚሠራበትን ዕድል መመለስም ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

አመጣጥህንም አውቃለሁ። ሚኒሶታ ውስጥ ዴቭ አርነሰን ይመራው በነበረው ብላክሙር በተባለ ጨዋታ፣ ሰር ፋንግ የሚሉት ደም መጣጭ ሌሎቹን መቋቋሚያ አሳጣቸው። እሱን ለመመከት ማይክ ካር የተጫወተው የመንደር ካህን ተፈጠረ፤ የአንተ ጅማሬ ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አርነሰንና ጌሪ ጋይጋክስ ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1,000 ቅጂ ሲያወጡት፣ ከሦስቱ ሙያዎች አንዱ አንተ ነበርክ። ሌባው የመጣው በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ጀማሪ ሳለህ አንድም ድግምት አልነበረህም፤ ስለት መያዝም ተከልክለህ በዱላ ትዋጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተዋጊው፣ አስማተኛው፣ ሌባውና አንተ፣ አራታችሁ፣ ከቡድን የማትቀሩ ተደረጋችሁ። ቡድን ሲቋቋም የሚነሣው ጥያቄ «ፈዋሹ ማን ነው?» የሚል ሆነ። ፈቃደኛ ሲጠፋ ዘግይቶ የደረሰው ሰው አንተን ይሸከማል፤ ጨዋታውን ሙሉ የሌላውን ቁስል ሲጠግን ይውላል። አዘጋጆቹ ይህን ሸክም ለማቅለል ብዙ ዓመት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ያዘጋጀኸውን ሌላ ድግምት እዚያው ወደ ፈውስ እንድትለውጥ ተፈቀደልህ። በ2008 የቡድን ድርሻዎች ጠባቂ፣ አጥቂ፣ ተቆጣጣሪና መሪ ተብለው በግልጽ ተጻፉ፤ ፈውስ የመሪው ድርሻ ሆነ፣ አንተም በአንድ ተራ መትተህ ማዳንም ቻልክ። በዚያው እትም ማንም ሰው ጥቂት ዐረፍ ብሎ በራሱ እንዲያገግም ተደረገ። በ2024 ደግሞ ቁስል የምትጠግንበት ድግምት ዳይሱ በእጥፍ አደገልህ።

በዚያው በ2008ቱ እትም፣ ያለ ምንም አስማት በማበረታቻ ቃል ብቻ የወደቀውን የሚያነሣ የጦር አለቃ ገብቷል። ቃል ቁስል አይጠግንም ብለው የተከራከሩ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ጎጃም ላደገ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሽለላና ፉከራ የዛለ ክንድ ሲያነሣ አይተናል፤ አዝማሪም ከጦሩ ጋር ይዘምት የነበረው ለዚሁ ነው።

አንተን ሳስብ ደግሞ እቴጌ እሌኒ ይታወሱኛል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ቦታ የግንብ ፍራሽ ዛሬም ከተማችን ውስጥ ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ጌጥ አሁንም ይታያል። ከሐድያ ገዢ ቤት የተወለዱት እኚህ ሴት፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሞግዚት ሆነው አገር መርተዋል። ሰይፍ ይዘው አልዘመቱም፤ የሚመጣውን አስቀድመው አይተው ማቴዎስ የተባለ መልክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል ልዑካን ምጽዋ የደረሱት በ1520። መንግሥቱ ክፉኛ በተጨነቀ ጊዜ፣ በ1541፣ ፖርቱጋላዊው ክርስቶፎሮ ደ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ መጣ። እሌኒ ካረፉ ያን ጊዜ 20 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የሌላው ጉልበት በሚያልቅበት ቀን የሚደርስ ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት የአንተም ሥራ ነው። የአገሬን ታሪክ ሳነብ ከሰይፈኛው ኋላ ማን እንዳለ እንድፈልግ ያስለመድከኝ አንተ በመሆንህ፣ ሁለተኛው ምስጋናዬ ይኸው ነው።

ምስጋና ብቻውን ግን ሸክም አያቀልም። ስለዚህ ጠረጴዛ ለሚከቡ ሁሉ በአንተ ስም የምለው አለኝ። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ምን መሆን እንደሚወድ ተጠያየቁ። ፈዋሽ መሆን የወደደ ከሌለ ማንንም አታስገድዱ፤ ድርሻውን ተከፋፈሉት። ባርድ፣ ድሩይድና ፓላዲን የሚባሉት ሙያዎችም በየመጠናቸው ያድናሉ፤ በ50 ወርቅ የፈውስ መድኃኒት ገዝቶ መያዝም ለሁሉም ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ወድዶ የመረጠ ካለ ደግሞ «አድነኝ» እያላችሁ ብቻ አታዙት። እሱም መዋጋት፣ መናገር፣ ከታሪኩ የራሱን ድርሻ መውሰድ ይፈልጋል። ፈዋሽ አለን ብላችሁም እሳት ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ፤ ራስን መጠበቅ እሱን ማክበር ነው።

ለሙያህ፣ ለትዕግሥትህ፣ ጭብጨባው ለሌላው ሲሆን ቅር ሳትሰኝ ለቀጣዩ ሰው ስለምትዘጋጅ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ «ፈዋሹ ማን ነው?» ተብሎ እስኪጠየቅ አልጠብቅም፤ ወድጄ የምመርጠው አንተን ነው።

አክባሪህ፣
ከመርጡለ ማርያም