እኩል የበሉ በጎች ለምን እኩል አይደልቡም?

በዓል በተቃረበ ቁጥር ከጊንጪ እስከ ባኮ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የበግ ገበያው ይደምቃል። ገዢ የበጉን ላት ይዳስሳል፣ ወገቡን በመዳፉ ይጫናል፣ ከዚያም ዋጋ ይጠራል። ሻጭ በበኩሉ ለወራት የገዛውን የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ በልቡ እየደመረ የተጠራለትን ዋጋ ከወጪው ጋር ያስተያያል። ከዚህ ስሌት በኋላ በእጁ የሚቀረው ትርፍ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ከአንድ በረት አድረው፣ ከአንድ ገንዳ በልተው፣ አንዱ በግ ደልቦ ሌላው አጥንቱ ቆጥሮ የሚቀርበት ምክንያትም ለአርቢው ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንለትም።

ለዚህ ልዩነት ዘር፣ ዕድሜ፣ የጉበትና የሆድ ትሎች እንዲሁም የአያያዝ ጉድለት ምክንያት ሆነው ሲጠቀሱ ኖረዋል። ሁሉም እውነት ናቸው። ባለፉት ዓመታት ግን የእንስሳት ሳይንስ አንድ ተጨማሪ ምክንያት በጉልህ አሳይቷል፤ እርሱም በበጉ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የግጦሽ መሬት ወደ እርሻ እየተለወጠ፣ የመኖ ዋጋም ከአርሶ አደሩ አቅም በላይ እየሆነ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የእነዚህ ተሕዋስያን ጉዳይ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። አርቢው ለመኖ ያወጣው ገንዘብ ሥጋ መሆኑ ወይም ባክኖ መቅረቱ የሚወሰነው በከፊል በእነርሱ ነውና።

ጭዱን የሚፈጨው ማን ነው?

በግ የጭድንና የድርቆሽን ጠንካራ አሰር የሚበታትን ኢንዛይም በራሱ አካል አያመርትም። ይህን ሥራ የሚሠሩለት በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ናቸው። ጨጓራው አፉ ተከድኖ እንደሚብላላ የጠላ ጋን ነው። አየር የለበትም፣ ሙቀቱ አይዋዥቅም፣ ጥንስሱም ከቀን ወደ ቀን አይቋረጥም። እናቶቻችን ፈርስ ከሚሉት ከዚህ የጨጓራ ይዘት በተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ብቻ ከአሥር ቢሊዮን የሚበልጡ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። ከእነርሱ ጋር ፕሮቶዞዋ የሚባሉ አንድ ሕዋስ ያላቸው ፍጥረታትና የአሰርን ግድግዳ የሚሰነጥቁ ፈንገሶች አብረው ይኖራሉ።

እነዚህ ተሕዋስያን መኖውን ሲያብላሉት የተለያዩ አሲዶች ይወጣሉ። በጉም አሲዶቹን በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደሙ ይስባቸዋል። ከሚያስፈልገው ኃይል 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ተሕዋስያኑ ራሳቸውም ተራብተው ከፈሳሹ ጋር ወደ ቀጣዩ የሆድ ክፍል ሲወርዱ ይፈጫሉ፤ በጉ ከሚያገኘው ፕሮቲን አብዛኛው የእነርሱ አካል ነው። ስለዚህ በገንዳው ላይ መኖ የሚያፈስ አርቢ በመጀመሪያ የሚቀልበው ተሕዋስያኑን ነው፤ በጉ ደግሞ በእነርሱ ድካም ይቀለባል።

ከዚህ ሥራ የሚባክን ነገርም አለ። የአምቦ ሰው በጠርሙስ ውስጥ የሚንተከተከውን አየር ያውቀዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በበጉ ጨጓራም ይኸው ጋዝ በብዛት ይፈጠራል። ከጋዙ ከፊሉን ግን ልዩ ተሕዋስያን ወደ ሚቴን ይለውጡታል፤ በጉም በግሳት ያስወጣዋል። በዚህ መንገድ በመኖው ውስጥ ካለው ጠቅላላ ኃይል ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ወደ አየር ይበናል። ድርሻው በመኖው ዓይነትና በበጉ ይለያያል። አንዱ በግ ወደ ሥጋ የለወጠውን ሌላው በግሳት ያባክነዋል ማለት ነው።

ሁለት በጎች፣ አንድ ገንዳ

የመኖ አጠቃቀም ብቃት ሲባል እንስሳው ከክብደቱና ከዕድገቱ አንጻር ይበላል ተብሎ ከሚጠበቀው ምን ያህል አሳንሶ ወይም አብዝቶ እንደሚበላ የሚለካበት ነው። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የቀረበ ሲሆን ዛሬም ያገለግላል። ለምሳሌ ሁለት በጎች በሦስት ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ቢጨምሩ፣ አንዱ ግን ከሌላው 15 ኪሎ ያነሰ መኖ በልቶ ከሆነ፣ በገበያ ላይ እኩል ዋጋ ቢያወጡም ለባለቤታቸው እኩል አላተረፉለትም።

ተሕዋስያኑ በዚህ ልዩነት ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው የሚያሳዩ ማስረጃዎች ከተለያዩ ሀገራት ተገኝተዋል። በኒውዚላንድ አነስተኛ ሚቴን የሚያወጡ በጎች ተመርጠው ሲጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት የጨጓራቸው የባክቴሪያ ስብጥር ብዙ ሚቴን ከሚያወጡት የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። በእስራኤል 146 የወተት ላሞችን መነሻ ባደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ደግሞ መኖን በብቃት የሚጠቀሙት ላሞች በጨጓራቸው የያዙት የተሕዋስያን ዓይነት አነስ ያለ ነበር። ሥራው በጥቂቶች እጅ ሲሆን ብክነቱ ይቀንሳል እንደማለት ነው።

ይህን የሰማ አርቢ «እንግዲያው የጎበዙን በግ ፈርስ ለሰነፉ ብናጠጣውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሙከራ የሁለት ላሞች የጨጓራ ይዘት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተለዋወጠ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን በእያንዳንዷ ላም ጨጓራ የቀድሞው የባክቴሪያ ስብጥር መልሶ ሰፈነ። እንስሳው በተፈጥሮው የትኞቹን ተሕዋስያን እንደሚያስተናግድ በከፊል ይወስናል። ስለሆነም «የማድለቢያ ተሕዋስያን» ተብሎ በየሱቁ የሚቀርብ ዱቄት ሁሉ ኪስ ከማራቆት አልፎ ሥጋ ስለመጨመሩ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል።

እርሾው የሚሠራው መቼ ነው?

ተሕዋስያንን ከእንስሳ ወደ እንስሳ ማዛወር በእርግጥ የጠቀመበት ጊዜ አለ፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ የተገኘው በሀገራችን ነው። መነሻው ሉኪኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ ነበር። የዚህ ዛፍ ቅጠል በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው በአውስትራሊያ ከብቶችን ይጎዳ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባሉ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ይህንኑ ቅጠል ያለ ጉዳት እንደሚበሉ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሃዋይ ፍየሎች ተሕዋስያን ወደ አውስትራሊያ ተወስደው ለከብቶች ሲሰጡ ችግሩ ተቃለለ። መርዙን የሚያመክነው ባክቴሪያም በኋላ በእርሳቸው ስም ተጠራ።

በኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት አካሺያ አንጉስቲሲማ የተባለ የግራር ዝርያ ቅጠልን ለበጎች የፕሮቲን ምንጭ አድርገው ፈትነዋል። ቅጠሉ በድንገት የተሰጣቸው በጎች ተመረዙ፤ ቀስ በቀስ እንዲለምዱት የተደረጉት ግን ተቋቋሙት። ከለመዱት በጎች የተቀዳው የጨጓራ ፈሳሽም ላልለመዱት መከላከያ ሆናቸው። እንጀራ የምትጋግር እናት ከጎረቤቷ እርሾ ተበድራ ሊጧን እንደምታቦካው ነው። ልዩነቱ፣ እርሾ የሚጠቅመው ሊጡ እርሾ ሲያጣ መሆኑ ነው። በጉ ሊያመክነው ያልቻለው የታወቀ መርዝና መርዙን የሚያመክን የታወቀ ተሕዋስ ሲኖር ዝውውሩ ይሠራል። በአካባቢያችን አብዛኛው በግ የሚቸገረው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ተሕዋስያኑ በጨጓራው አሉ፣ ነገር ግን ተርበዋል።

የተራበ ጥንስስ

በአምቦ ዙሪያ፣ በጌዶና በጀልዱ በበጋ ወራት የበጉ ዋና ቀለብ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ ነው። ከጭድ ክብደት ውስጥ የፕሮቲኑ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። የሥነ መኖ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ይህ መጠን ከ7 በመቶ ሲወርድ ተሕዋስያኑ ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን ያጣሉ። ሲዳከሙ ጭዱ ቶሎ አይብላላም፤ ጨጓራው ሳይጎድል ስለሚቆይም በጉ ሌላ መብላት አይችልም። ሆዱ ሞልቶ ይከሳል።

መፍትሔው ከአርቢው እጅ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስለሚይዝ ጥቂቱ ብዙ ጭድ ያስፈጫል። በሀገራችን በተደረጉ የድለባ ሙከራዎች ለአንድ በግ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም አካባቢ መስጠት በተደጋጋሚ ተፈትኗል። ፋጉሎ መግዛት ለማይችል ደግሞ የባቄላና የአተር ገለባ ከእህል ጭድ የተሻለ ነው። አጃን ከቬች ጋር አቀላቅሎ መዝራት፣ በደጋው ትሪ ሉሰርን፣ በቆላማው የባኮ አካባቢ ሰስባኒያና ሉኪኒያ በአጥር ዳር መትከል ይቻላል። ጨውና ማዕድናትም ለበጉ ብቻ ሳይሆን ለተሕዋስያኑም ያስፈልጋሉ። ከብቶቻቸውን ወደ ሆራ የሚነዱ አባቶች የማዕድንን ጥቅም ያወቁት ከቤተ ሙከራው ቀድመው ነው።

ጭድን በዩሪያ አብልቶ ማሻሻልም የታወቀ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ጭዱም ታሽጎ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ይሁንና በትክክል ያልተበጠበጠ ዩሪያ ይገድላል፤ ለግልገሎችም አይሰጥም። ስለዚህ ያለ ልማት ሠራተኛ ምክርና ክትትል መሞከር የለበትም።

ከረሃቡ ባልተናነሰ የሚጎዳው ድንገተኛ ጥጋብ ነው። በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጉ ቶሎ እንዲደልብ ተብሎ በቆሎ ወይም ስንዴ በብዛት ይፈስስለታል። በዚህ ጊዜ ስታርች የሚወዱ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ፤ ጨጓራውም በአሲድ ይሞላል፤ ጭድ የሚፈጩት ተሕዋስያን ያልቃሉ። በጉ መብላት ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ሊሞትም ይችላል። አንዳንዱ አርቢ «ቡዳ በላው» ብሎ የሚያዝንለት በግ የሞተው በእህል ሊሆን ይችላል። ማንኛውንም አዲስ መኖ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማስለመድና ጭድ ወይም ድርቆሽ ከገንዳው አለማጥፋት ይህን ጥፋት ይከላከላል።

ከአርቢው አቅም በላይ ያለው ሥራ

ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ትርፍ ያለው በመረጣ ነው። የምዕራቡ ክፍል መታወቂያ የሆነው የሆሮ በግ በባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ለበርካታ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም በሆሮ አካባቢ አርሶ አደሮች ራሳቸው አውራ በግ የሚመርጡበት ኅብረተሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሲካሄድ ቆይቷል። በእንዲህ ያለው መረጣ የሚመዘነው በዋናነት የጠቦቱ ክብደት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ በጋራ ግጦሽ ላይ የሚሰማራ በግ ምን ያህል እንደበላ መመዘን አይቻልምና። ሆኖም በክብደት ብቻ የተመረጠ አውራ ብዙ በልቶ የከበደም ሊሆን ይችላል፤ መኖ በገንዘብ በሚገዛበት ዘመን ይህ ዕዳ ለልጆቹ ይተላለፋል።

ስለሆነም ለመራቢያ የታጩ ጠቦቶችን ለተወሰኑ ሳምንታት በምርምር ጣቢያ እያቆዩ የሚበሉትን መመዘን፣ የጨጓራ ፈሳሻቸውንም መመርመር ቀጣዩ እርምጃ ሊሆን ይገባል። ለዚህ የሚሆን መሠረት በዚሁ መስመር ላይ አለ። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ይገኛሉ፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲም የግብርና ትምህርት ይሰጣል። የጎደለው እነዚህን ከአርሶ አደሩ በረት ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የእንስሳት ምርትን ወደ አጀንዳ አምጥቶታል፤ ነገር ግን ምርት በእንስሳ ቁጥር ብቻ አይለካም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. የሀገሪቱን በጎች ቁጥር 42.9 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። ይህን ያህል በግ ያላት ሀገር የበዓል በግ ለከተማ ነዋሪ የሚከብድባት ከሆነ፣ ጥያቄው ስንት በግ አለን ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ በግ የበላውን ወደ ምን ለወጠው ወደሚለው መዞር አለበት።

የመኖ ጥራት ቁጥጥርም ሊዘነጋ አይገባም። አርቢው በከረጢት የሚገዛው ፋጉሎ ምን ያህል ፕሮቲን እንደያዘ አያውቅም፤ በአሸዋ ወይም በገለባ ቢደባለቅም የሚያውቀው በጉ ሲከሳ ነው። ከዩኒየኖችና ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው አገልግሎት መኖን አስመርምሮ ይዘቱን በከረጢቱ ላይ ማስጻፍ ነው።

አርቢው እስከዚያው በእጁ ያለ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መመዘን ነው። ድለባ ሲጀምር የእያንዳንዱን በግ ክብደት፣ በየሳምንቱ ያፈሰሰውን መኖ፣ ሲሸጥም የበጉን ክብደት በልጁ ደብተር ላይ ቢያስጽፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ኪሎ ሥጋ በስንት ብር እንደተገዛ ያውቃል። በመንጋው ውስጥ የመኖው ባለዕዳ የትኛው እንደሆነ፣ ለዘር መቆየት ያለበትም የትኛው እንደሆነ ለይቶ ለመጠርጠር ይህ መነሻ ይሆነዋል። ላት በመዳሰስ የሚታወቀው በገበያው ቀን ነው፤ ትርፉ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለወራት በጨጓራው ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል።