የሽሪምፕን ገንዳ ማጣሪያ ስለ ማጠብ

ንጽሕና የተመሰገነ ነገር እንደ ሆነ የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን አንዱን ዕቃ የሚያነጻው አሠራር ሌላውን የሚያጠፋበት ጊዜ አለና፥ ሰው ከማጠቡ በፊት የሚያጥበው ነገር ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ፥ በየመሥሪያ ቤቱም አዳራሽ በመስተዋት ገንዳ የሚቀመጠው ትንሹ ሽሪምፕ ለዚህ ማስረጃ ነው። ይህን ፍጥረት ቸልተኛ ሰው ብቻ ሳይሆን ትጉህ ሰውም ይገድለዋል፤ ቸልተኛው ማጣሪያውን ሳይነካ ይተወዋል፥ ትጉሁ ግን በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ድረስ ያጥበዋልና።

በገበያ ቼሪ ሽሪምፕ የሚባለው ይህ እንስሳ በሊቃውንት ዘንድ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ተብሎ ይጠራል። የሸርጣን ዘመድ ሲሆን ጨው በሌለበት ውሃ ይኖራል፤ የትውልድ አገሩም ታይዋንና ምሥራቃዊው የቻይና ምድር ነው። በወንዝ የሚኖረው ወገኑ መልኩ ቡናማ ነው፤ ቀዩ የተገኘው አርቢዎች ቀላ ቀላ ያሉትን እየመረጡ ስላራቡ ነው። ቁመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፥ ዕድሜውም ከ1 እስከ 2 ዓመት ያህል ነው። እናቲቱ ከ20 እስከ 30 የሚሆን ዕንቍላል በሆድዋ ሥር ይዛ 3 ወይም 4 ሳምንት ትቈያለች። የሚፈለፈሉት ልጆች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመልክ እናታቸውን ይመስላሉ። የልጆቹ ማነስ በኋላ ስለሚነገረው ነገር ልብ ሊባል ይገባል።

ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ወንፊት ያለ ጕድፍ መያዣ ብቻ ይመስለዋል። ጕድፍ መያዙ እውነት ነው፤ ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ከሽሪምፑ ከራሱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ፊተኞቹ ሁለቱ በጥቂቱም ቢሆን የሚጐዱ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን እጅግ ካልበዛ አይገድልም፥ ውሃው በየጊዜው በከፊል ሲለወጥ ይቀንሳል፥ የውሃ ተክልም ይመገበዋል። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. የእነዚህን ባክቴሪያዎች ነገር ገልጦ አሳየ። ከዚያም በኋላ ሥራው ለሁለት ወገን ባክቴሪያ የተከፈለ ነው ሲባል ብዙ ዘመን ኖረ፤ በዚያው አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ግን ሁለቱን ሥራ ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። ከተገኘባቸውም ስፍራዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ውሃ የሚጣራበት ዕቃ ነበር።

እንግዲህ ስፖንጁን የሸፈነው ቡናማና የሚያሙለጨልጭ ነገር ሁሉ እድፍ አይደለም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ለሚቀጥለው ቡሆ እርሾ ታስቀራለች እንጂ ሁሉን አጥባ አትደፋም፤ የደፋች እንደ ሆነ ከጎረቤት ትበደራለች። የገንዳውም እርሾ ይህ ነው። ከሌላ ጤነኛ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ተበድሮ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሽሪምፕ የሚያረባ ጎረቤት እንደ እርሾ በየደጁ አይገኝም። ባክቴሪያዎቹም ቀስ ብለው የሚራቡ ናቸውና፥ አንድ ጊዜ የጠፉ እንደ ሆነ እንደ ገና ለመሙላት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል።

በከተማ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው በሽታ የሚያመጣውን እንዲገድል ነው፤ ክሎሪን ግን ጠቃሚውን ከጐጂው አይለይም። ስለዚህ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር የሚጨምቅ ሰው የቀጠራቸውን ሠራተኞች በገዛ እጁ እንደሚያባርር ሰው ነው፤ በረኪና ወይም ሳሙና የጨመረበት፥ ወይም በፈላ ውሃ የነከረው ደግሞ አንድም አያስቀርም። ገንዳው ያን ቀን ያምራል፥ ውሃውም ጠርቶ ይታያል። ጥቂት ቀን አልፎ አሞኒያው ሲነሣ ግን ሽሪምፖቹ መልቀም ትተው ይፈዝዛሉ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ሁለት እየሆኑ ይሞታሉ። ባለቤቱም ሞቱን ባየ ጊዜ ገንዳው ቈሽሿል ብሎ ሁለተኛ ያጥበዋል። የፊተኛው እጥበት የተረፈለት ቢኖር በዚህ በሁለተኛው ያልቃል።

በአንዳንድ ማጣሪያ ካርቶን ላይ ውስጡን በየወሩ ጥላችሁ አዲስ ግዙ የሚል ምክር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ምክር ለሻጩ የሚጠቅመውን ያህል ለሽሪምፑ አይጠቅምም። ጥሩ ስፖንጅ ካልተበጣጠሰ ለዓመታት ያገለግላልና።

በቧንቧ ውሃ ለብዙ ጊዜ አጥበን ምንም አልሞተብንም የሚሉ አሉ። ሐሰት ተናገሩ አይባሉም። ገንዳው ሰፊ፥ ተክሉ ብዙ፥ አሸዋውም የቈየ የሆነ እንደ ሆነ ባክቴሪያው በአሸዋውና በድንጋዩ፥ በመስተዋቱም ላይ ስለሚኖር የማጣሪያውን ጕዳት ይችለዋል። የሽሪምፕ ገንዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በትንሽ ውሃ ላይ ጥቂት መርዝ ብዙ ነው። ከገንዳው የተቀዳ አንድ ባልዲ ውሃ ምንም ዋጋ የማያስከፍል ሲሆን፥ የአንዱን ዕድል ለሁሉ ሕግ ማድረግ አይገባም።

የማጣሪያው መታጠቢያ ጊዜ በቀን መቍጠሪያ አይወሰንም፤ የሚወጣው ውሃ ጕልበቱ ሲቀንስ ያን ጊዜ ይታጠባል። አስቀድሞ የማጣሪያውና የማሞቂያው ሶኬት ይነቀላል። እጅ ከሳሙናና ከቅባት፥ ይልቁንም በረሮና ዝንብ ከሚገደልበት ፍሊት ፈጽሞ የነጻ ይሁን፤ ሽሪምፕ በዘር ለነፍሳት የቀረበ ነውና በረሮን የሚገድል እርሱንም ይገድለዋል። ከዚህ በኋላ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ከገንዳው ውሃ ይቀዳል፥ ስፖንጁም በዚያ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ተደርጎ ይጨመቃል። ውሃ እንዲያልፍበት ጕድፉ ይውጣ እንጂ እስኪነጣ ድረስ አይታሽ። ሁለት ስፖንጅ ያለበት እንደ ሆነ ዛሬ አንዱ ይታጠባል፥ ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይቈያል። ማጣሪያው በታጠበበት ቀን አሸዋውን መቈፈር ወይም ውሃውን በብዛት መለወጥ አይገባም። ለመሙያ የሚገባው የቧንቧ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተካከለ፥ ክሎሪኑም በሶዲየም ታዮሰልፌት የጠፋለት ይሁን። ክሎሪን ብቻውን ከሆነ ውሃውን በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን እያናፈሱ በማሳደር ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የሆነው ግን በማሳደር አይወጣም።

የታጠበበትን ውሃ ወዲያው መድፋት ትልቅ ስሕተት ነው። ከላይ የተነገሩት ትንንሽ ልጆች በማጣሪያው ተስበው ይገባሉ፥ በስፖንጁም ውስጥ ተደብቀው ይመገባሉ። ስለዚህ ጭቃው እስኪዘቅጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይቶ ውሃው በነጭ ሳፋ ላይ ቀስ እያለ ሲገለበጥ የሚንቀሳቀሱት ይታያሉ፤ በማንኪያ ተቀድተው ወደ ገንዳቸው ይመለሱ። ከእንግዲህ ወዲህ እንዳይገቡም የማጣሪያውን መሳቢያ አፍ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ስፖንጅ መሸፈን ይበቃል።

መብራት በሚጠፋበት ስፍራ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝግ በሆነው ማጣሪያ ውስጥ ውሃው ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የቈየ እንደ ሆነ አየሩ ያልቃል፥ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፥ ውሃውም ይሸታል። መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ሞተሩ በራሱ ተነሥቶ ያንን ውሃ በሽሪምፖቹ ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ መብራቱ ሲቈይ ሶኬቱን ነቅሎ፥ ኋላም ማጣሪያውን ከፍቶ በገንዳ ውሃ አለቅልቆ ማስነሣት ይሻላል።

በመሥሪያ ቤት ያለው ገንዳ የሚጐዳው ብዙ ጊዜ በዓል ሲቀርብ ነው። አለቃው ሁሉ ነገር ይጽዳ ብሎ ያዝዛል፥ የጽዳት ሠራተኛዋም ወለሉን ባጠበችበት በረኪና ማጣሪያውን ታጥበዋለች። ሽሪምፑ ያለቀ ቀን የምትወቀሰው እርስዋ ናት፤ በደሉ ግን ምን እንደምታጥብ ሳይነግራት ያዘዛት ሰው ነው። ሽሪምፕ በአዳራሹ እንዲኖር የሚወድ አለቃ የገንዳውን ባልዲ ከሌላው ባልዲ ለይቶ፥ በላዩም የገንዳ ብቻ ብሎ አስጽፎ በአጠገቡ ያስቀምጥ፤ የማጣሪያውንም ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቶ፥ የመጀመሪያውን ቀን አብሮ ቆሞ ያሳይ።