እኔ ባዩ ተራኪ ለማን ይተርካል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ልብ ወለድ በቁም ነገር በሚነጋገሩ አንባቢያን መካከል አንድ ፍርድ ሥር ሰዷል። የአሜሪካ ልብ ወለድ ተራኪ አለው፣ የአማርኛው ግን ሰባኪ ነው የሚል ፍርድ። ምስክር ሆነው የሚጠሩትም የታወቁ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ተባሮ ኒውዮርክን የሚዞረው ሆልደን ኮልፊልድ፣ የጋትስቢን ግብዣ ከጎረቤት ሆኖ የሚታዘበው ኒክ ካራዌይ፣ ወንጀሉን ባማረ ቋንቋ የሚሸፍነው ሁምበርት። እነዚህ «እኔ» ብለው ይጀምራሉ፤ ይሳሳታሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይናዘዛሉ። የእኛው ተራኪ ግን ሁሉን አዋቂ ሆኖ ከላይ ይፈርዳል ይባላል። በዚህ መለኪያ የተነሳ «እኔ» ብሎ መጀመርና ብቸኝነትን መናዘዝ ለዘመናዊነት የሚበቃ የሚመስላቸው ጀማሪ ጸሐፊዎች በዝተዋል። እኔ ግን የተንሻፈፈው መለኪያው ራሱ ነው እላለሁ። የእነዚያ ተራኪዎች ድምፅ ከአእምሮ የማይጠፋው «እኔ» ስላሉ አይደለም። ከፊታቸው ተቀምጦ የሚያዳምጠው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

የአሜሪካኖቹን ተራኪዎች አባት እንውሰድ። ማርክ ትዌይን ሃክልቤሪ ፊንን እ.ኤ.አ. በ1884 ሲያሳትም መግቢያው ላይ አንድ አጭር ማስታወሻ አኑሯል፤ ገጸ ባሕርያቱ በልዩ ልዩ የአካባቢ ዘዬ እንደሚናገሩ፣ ዘዬዎቹንም በግምት ሳይሆን ለይቶ በማወቅ እንደጻፋቸው የሚገልጽ። የሃክ «እኔ» ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካደገ ልጅ አፍ የወጣ ነው። ስለዚህ ከትዌይን የሚወረስ ነገር ካለ ጆሮው ነው። ያን ጆሮ የሚጠብቅ ስንት ድምፅ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ አለ! ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ዶርዝኛ እናቱ ቤት ሰምቶ ያደገ ሰው አማርኛን በራሱ ዜማ ይናገረዋል። የሚያጠብቀውና የሚያላላው ፊደል፣ ሲቆጣ የሚመለስበት ቃል፣ ሲምል የሚጠራው ስም የራሱ ነው። ይህ አማርኛ በሬዲዮና በመድረክ መሳቂያ ሲሆን እንሰማዋለን እንጂ ሙሉ ሰው ሆኖ ሲተርክ እምብዛም አናነበውም። ሃክን የሚያደንቀው ጸሐፊ የራሱን ተራኪ ሲያናግር ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ የሚመስል፣ የትም ሰፈር ያላደገ ሰው አማርኛ ይሰጠዋል። ቅርፊቱ ተወስዶ ፍሬው ተጥሏል።

ስለ እኛው ከተማ በእንግሊዝኛ የሚተርኩትንም ልብ እንበል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ቢቋረጥም፣ ኮልፌ የሚለው ስም በዓለም አንባቢ ዘንድ የደረሰው በእሳቸው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በአላፊ እንግዳ «እኔ»። አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው «ከቲንግ ፎር ስቶን» ደግሞ ማሪዮን ስቶን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ይተርካል። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሴፋ እስጢፋኖስን ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከኬንያዊና ከኮንጓዊ ወዳጆቹ ጋር የአፍሪካን አምባገነኖችና መፈንቅለ መንግሥታት እየጠራ ሲጫወት አሳይቶናል። ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። በተለይ የሴፋ ዝምታ ስለ ስደት የተጻፈ ብዙ ነገር ያልነካውን ቁስል ይነካል። ሆኖም የማሪዮን አድማጭ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፤ እንጀራ ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ማን እንደነበሩ ማስተዋወቅ ግድ ይሆንበታል። ይህ የጸሐፊው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ፣ ለሌላ የተነገረውን ከጎን ሰምተን፣ ስለ እኛ ሊነገር የሚገባው በዚህ ድምፅ ነው ማለታችን ነው። እዚሁ ተጽፎ እዚሁ ለሚነበብ መጽሐፍ ስለ ቡና ማፍላት ገጽ ሙሉ ማብራሪያ የሚሰጥ ተራኪ፣ ማንን እያናገረ እንደሆነ ረስቷል።

አማርኛ ለተራኪ የሚሰጠውን ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰጥም። በእንግሊዝኛ የንጉሡም የእረኛውም አመጣጥ የሚነገረው በአንድ ግስ ነው። በአማርኛ ተራኪው ዓረፍተ ነገሩን ሲዘጋ «መጣ» ወይም «መጡ» ማለት አለበት፤ በአንዲት ፊደል ለውጥ ሰውየውን ያክብረው፣ ያቅርበው ወይም ይናቀው ያስታውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን አንቱ እያሉ ነው ከንቱነታቸውን ገልጠው የሚያሳዩት። በዛብህን ግን አቅርበው እንደ ልጃቸው ይተርኩታል። አክብሮቱ በሰዋስው፣ ፍርዱ በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ሲጋጩ አንባቢው ሥርዓቱ እንዴት ከውስጥ እንደበሰበሰ ይሰማዋል። ያ ተራኪ ጌታን በባዶ ስሙ መጥራት የማይደፍር፣ ግን ፈጽሞ የማይታለል ሰው ነው። በሦስተኛ መደብ ስለተጻፈ ድምፅ የለውም የሚል አንባቢ የግሱን መጨረሻ ሳያነብ አልፏል። እንግሊዝኛን እያሰበ የሚጽፈው ወጣት ሁሉንም ሰው «አለ» እና «መጣ» ሲያደርግ፣ ነጻነት ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ከእጁ የወጣው መሣሪያ ነው።

አማርኛ ልብ ወለድ ይሰብካል የሚለው ክስ መሠረት የለውም አልልም። ታሪኩን አቁመው ምክር የሚጀምሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፣ አሰልቺም ናቸው። ነገር ግን ከሳሹ «ኦሮማይ»ን የት ሊያደርገው ነው? በዓሉ ግርማ በ1975 ባሳተመው በዚህ መጽሐፍ «እኔ» የሚለው ጸጋዬ ኃይለማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው፤ አሥመራ የሄደው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ነው። የሚያየውን ይጠራጠራል፣ የተጠራጠረውን ያሰራጫል፣ እጮኛ እያለችው ፊያሜታን ይወዳል። ተራኪው የሚተርከው ጥፋት ተካፋይ ነው። ከአሜሪካኖቹ ስናገኘው የምናደንቀው ይህንኑ አይደለም? በዓሉ ለዚህ «እኔ» የከፈለው ደግሞ ማንም የኒውዮርክ ደራሲ ያልከፈለውን ነው፤ መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም የካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ባወጣው «አደፍርስ» የታሪኩ ቦታ የሆነችውን የአርማንያን ሰዎች ንግግር ገጹን እንዲሞላው አድርጎ ተራኪውን ወደ ጥግ ገፍቶታል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ሲከራከር ያሰማናል፤ ብሪታንያዊው ኢያን ማክዩዋን ፅንስን ተራኪ ያደረገበትን «ነትሼል» ከማውጣቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ። እነዚህን ሳያነቡ የአማርኛን ተራኪ መክሰስ ፋይሉን ሳይከፍቱ መፍረድ ነው።

የውጭ አታንብቡ ማለቴ ነው የሚል ካለ፣ ነቢይ መኮንንን ያስታውስ። በደርግ እስር ቤት የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለው። ለባዕድ መጽሐፍ ያለ ፍቅር ከዚህ በላይ ሊገለጥ አይችልም፤ መጽሐፉን ወደ ራሱ አንባቢ አመጣው። በዚያው መጽሐፍ ግን አድናቆታችን ያለፈው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ታሪክ የአሜሪካን ደቡብ የሚያየው በባሪያ አሳዳሪዎቹ መስኮት ነው፤ ባርነቱም ለዝቦ ይቀርባል። የዋና ገጸ ባሕርይዋ የስካርሌት ጽናት ማርኮን፣ ድምፁ ከማን ቤት እንደሚወጣ ሳንጠይቅ ቀረን።

ያው ጥያቄ እኛም ደጃፍ ላይ ይጠብቀናል። በኮልፌ ቀራኒዮ ረጲ ላይ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009፣ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱ ቤተሰቦች ጭምር። ዜናው ቁጥሩን ነግሮን አለፈ። ይህን ሊጽፍ የሚነሳ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከሆልደን የሚዋሰው ምሬት አይረዳውም። ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጣ የሚወስነው ነገር አለ፤ ሲነጋ ከረጢት አንግቦ ክምሩ ላይ መውጣት የዕለት ጉርስ የሆነበት ቤት እናት፣ ተራኪው «ወጣች» ይላታል ወይስ «ወጡ» ይላቸዋል?