ጥቁር ስክሪን ባዶ አይደለም

ተዋናይ በእጁ የያዘው ስልክ ወይም ከጀርባው የሚታየው ቴሌቪዥን በፊልም ላይ የሚያሳየው ምስል ብዙ ጊዜ ከቀረጻ በኋላ የሚገባ ነው። ኮምፖዚቲንግ በሚባለው በዚህ ምስልን የማዋሐድ ሥራ የተማሪዎቻችን ድካም በአመዛኙ የሚያርፈው የስክሪኑን አራት ማዕዘናት እንቅስቃሴ በመከታተል ላይ ነው። ይሁንና ትራኪንጉ እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ ምስሉ የተለጠፈ ወረቀት መስሎ ይቀራል። በእኔ እምነት የችግሩ ምንጭ ስክሪንን በምስል እንደሚደፈን ቀዳዳ መቁጠራችን ነው።

ከእውነተኛ ስክሪን ወደ ካሜራ የሚደርሰው ብርሃን የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንደኛው ስክሪኑ ራሱ የሚያመነጨው፣ ሁለተኛው ከመስኮት፣ ከመብራትና ከተዋናዩ ፊት መጥቶ በመስታወቱ ላይ የሚያንጸባርቀው። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ካቀረቧቸው ስሌቶች መካከል አንዱ የላይኛው ምስል የታችኛውን እንዲሸፍን ያደርጋል፤ ሌላው ሁለቱን ይደምራል። ለስክሪን የሚስማማው መደመር ሲሆን ልማዳችን ግን መሸፈን ነው። ነጸብራቁ ሲሸፈን የገባው ምስል ጥቁር ክፍል በቦታው ካለ ጥላ ሁሉ በላይ ይጠቁራል፤ የተመልካች ዓይንም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ሐሰቱን ይለያል። ድምሩም ትክክል የሚሆነው ጋማው ተነሥቶ የፒክስሎቹ ዋጋ ከብርሃኑ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት ሲኖረው ነው።

ስለሆነም ሁኔታው በፈቀደ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ሳይሆን ጠፍቶ ቢቀረጽ ይመረጣል። አረንጓዴ ቀለም ስክሪኑን የሚጋርዱ ጣቶችንና ፀጉርን ለመለየት እንደሚያመች አልክድም። ሆኖም ነጸብራቁን ይበክላል፤ በተዋናዩ እጅና ፊት ላይም ያርፋል። የጠፋ ስክሪንም የራሱ ዋጋ አለው፤ ጣቶቹን በየፍሬሙ በእጅ ከልሎ መለየት ያሻል፤ ስክሪኑ ፊት ላይ ይጥለው የነበረው ብርሃንም በቀረጻው ቦታ በትንሽ መብራት መተካት አለበት። ይህ ጉልበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን በቀረጻ የጠፋን ነጸብራቅ በግምት ፈጥሮ ከመመለስ ይቀላል።

የትምህርት አሰጣጣችንም ከዚህ ሊጀምር ይገባል። ተማሪው ሶፍትዌሩን ከመክፈቱ በፊት አንድን ቴሌቪዥን በመስኮት አጠገብ አንድ ጊዜ አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ አብርቶ በተመሳሳይ የካሜራ ቅንብር ያንሣ፤ የሁለቱን ጥቁር ክፍሎችም ያነጻጽር። ጥቁሩ ዜሮ አለመሆኑን በራሱ መለኪያ ያረጋገጠ ተማሪ ነጸብራቁን በዘፈቀደ አይሸፍንም።